መብራቱ ጠፋ፤ ጎማውስ?

«ፎር ዊል ነው» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አቋርጡት። ዝም ካላችሁት ዳሎል አድርሶ ይመልሳችኋል፤ በአፉ።

«አራቱም ጎማ ይጎትታል!» ይላል።

«ነዳጁን ነው?»

«ገደል ይወጣል!»

«የወጣውን ገደል ጥራልን።»

«የአፓርታማችን ምድር ቤት መውጫ ቀላል መሰለህ?»

«እሱንማ ቪትዝም ትወጣዋለች፤ ያውም አምስት ሰው ጭና።»

«ትራክሽን ኮንትሮል አለዋ!»

«ይሠራል?»

«መብራቱ ጠፍቶ አታየውም እንዴ?»

መብራት መጥፋት የሥራ ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ ሰፈራችን ይሄኔ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሆነ ነበር።

ዛሬ የምተርበው ይህችኑ «መብራቱ ጠፍቷል» የምትባል መልስ ነው። ግን የማያውቁትን መተረብ ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ከዕቃው ጋር እንተዋወቅ። ዲፍረንሻል ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ያካፍላል። እኩልነቱ ደስ ይላል፤ ጣጣው ድርሻው የሚለካው በደካማው መሆኑ ነው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ለመዞር ምንም ጉልበት ካልጠየቀ፣ መሬት የቆነጠጠው ጎማም የሚደርሰው ያው ምንም ነው። የፊቱ ዲፍረንሻል እንዲህ፣ የኋላውም እንዲህ። ስለዚህ ከፊት የግራው ከኋላ የቀኙ ጎማ ከመሬት ሲላቀቁ፣ አራቱም ይጎትታል የተባለው መኪና ሁለቱን ጎማ እያስፎከረ፣ ሁለቱን አስተኝቶ ይቆማል።

ትራክሽን ኮንትሮል እዚህ ላይ ይደርሳል። የአራቱን ጎማ ፍጥነት ያነጻጽርና በባዶ የሚዞረውን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዝበታል። ለምሳሌ በባዶ የሚዞረው ጎማ 50 ኒውተን ሜትር ብቻ የሚቀበል ቢሆንና ፍሬኑ የ400 ጫና ቢጨምርበት፣ ዲፍረንሻሉ «አሃ፣ እዚህ 450 ተፈለገ» ብሎ ለወዲያኛውም 450 ይልካል። መሬት የያዘው ጎማ ያን ጊዜ ነው የሚነቃው።

«በል እንጂ! ኃይል ይጨምራላ!»

አይጨምርም። እንዲያውም ከሞተሩ የወጣውን ከፊሉን ፍሬን ላይ አሙቆ ይጥለዋል። ኃይል ይጨምራል ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ካለ፣ የጨመረው ዋጋውን ነው።

ዕቃው አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ቦሽ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ለገበያ አቀረበ፤ በ1986 ትራክሽን ኮንትሮሉን አስከተለ፤ በ1995 ደግሞ መኪና በጎን ሲንሸራተት የሚያርመውን ኢኤስፒ። ሦስቱም የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ የጎማ ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ያው፣ ፍሬኑን የሚገፋው ፓምፕም ያው። ስለዚህ «ኤቢኤሱ ትንሽ መብራት ያሳያል እንጂ ትራክሽኑ ሰላም ነው» የሚል ሻጭ ሲመጣ፣ ምድጃው ጠፍቷል እንጂ ወጡ እየተንተከተከ ነው እያላችሁ መሆኑን እወቁ።

መብራቱን በሚመለከት ከአንድ ደላላ ጋር የተባባልነውን ልንገራችሁ።

«የኔ ወንድም፣ ዳሽቦርዱን እየው። አንድ መብራት አይበራበትም፤ ንጹሕ!»

«ቁልፉን ስትከፍተውስ?»

«ያኔም አይበራም! ነገርኩህ እኮ፣ ንጹሕ ነው።»

«ያኔ መብራት ነበረበት።»

ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የኤቢኤሱም የትራክሽኑም መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። አምፖሉ «አለሁ» የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። ጨርሶ ካልበራ፣ ወይ አምፖሉ ሞቷል፣ ወይ አንድ የተባረከ ሰው ከኋላው በጥቁር ናስትሮ ጋርዶታል።

«ጃፓኖች አምፖል ቆጥበው ይሆናል» አለኝ ደላላው፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«እነሱ በቆጠቡት አንተ ናስትሮ አባከንክበት።»

«አንተ መኪና ልትገዛ ነው የመጣህ ወይስ ቆጣሪ ልታነብ?»

ጎበዝ መልስ ናት፤ ሳቅሁለት። መኪናውን ግን አልገዛሁለትም።

መብራቱ እንደ ደንቡ በርቶ ቢጠፋስ? ያኔ የምታውቁት ኮምፒውተሩ በሽቦው በኩል ቅሬታ እንደሌለው ብቻ ነው። መኪናው ተነስቶ ገና ሲንቀሳቀስ ከሞተሩ ክፍል አጭር «ጠቅ» ወይም «እምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሥርዓቱ ራሱን እየፈተሸ ነውና አትደንግጡ። ጋራዥ ከሄዳችሁም በኮምፒውተር ምርመራው ላይ የስህተት ኮድ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። መካኒኩ ማሽኑን እንደሰካ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ይንዳና አራቱ ጎማ የሚያሳዩትን ፍጥነት አብራችሁት እዩ። ሦስቱ 40 አካባቢ ሆነው አንዱ ዜሮ ካለ፣ ወይ ጎማው ቆሟል ወይ ሴንሰሩ ዋሽቷል። ጎማው ቆሞ ቢሆን ጭሱ ይነግራችሁ ነበር። ሴንሰር የሚያስዋሹት ብዙ ናቸው፤ የተበጠሰ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈ የብረት ብናኝ፣ አንዳንዴም ማግኔት ቀለበት ያለውን ኩሽኔታ ገልብጦ የገጠመ ቀልጣፋ እጅ።

«ኩሽኔታው ግን ይሽከረከራል!» ይላል ባለ ቀልጣፋው እጅ።

ይሽከረከራል። ለኮምፒውተሩ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሽከረከረው።

ጎማ ላይ ደግሞ ሌላ ፎካሪ አለ። «አራቱም ጎማ አዲስ ነው!» አዎ አዲስ ናቸው፤ ግን እርስ በርሳቸው አልተዋወቁም። አንዱ ከሌላው በመጠን ሲለያይ፣ ትንሹ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፤ ኮምፒውተሩም «ይሄ እየተንሸራተተ ነው» ብሎ ሊጠረጥረው ይችላል። መኪናው በራሱ ጊዜ ለምን ፍሬን እንደሚይዝ ግራ የገባው ሰው ሴንሰሩን ከማስቀየሩ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብብ። ማንበብ ነፃ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ብልጥ አይጠፋም። ሥራ የለውም፤ ሐሳብ ግን አለው።

«ምን ያደክምሃል? አንዱን ጎማ በክሪክ ታነሳዋለህ፣ ማርሽ ታስገባለህ፣ ታያለህ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ካልሠራ የተነሳው ጎማ ብቻ ይዞራል።»

«ከሠራስ?»

ዝም አለ። ከሠራማ መሬት የያዙት ጎማዎች ይጎትቱና መኪናው ከክሪኩ ወርዶ ፊቱ የቆመው ሰው ላይ ይወጣል። ትራክሽን ኮንትሮሉ መሥራቱን የምታረጋግጡት ድንገተኛ ክፍል ተኝታችሁ ነው ማለት ነው። በክሪክ ላይ ማርሽ አይገባም፤ ይህችን ያለ ቀልድ ያዙልኝ። በሙያው የሚፈትኑ ሰዎች ጎማ ሥር የሚሽከረከሩ ሮለሮች ያስቀምጣሉ። አንዱን ሮለር ላይ፣ ሦስቱን መሬት ላይ አድርገው ይጀምሩና እያከበዱ ሄደው ሦስቱን ሮለር ላይ፣ አንዱን ብቻ መሬት ላይ ያስቀሩታል። ዕቃው ደህና ከሆነ ያ አንድ ጎማ መኪናውን ጎትቶ ያወርደዋል። ከፊት ለፊት ማንም አይቆምም።

ሮለር የሌለን እኛስ? እግዜር ይስጠው፣ ቦይ አለን።

ጥልቅ አያስፈልግም፤ ጎማ የሚያንጠለጥል ጎድጓዳ ቦይ በቂ ነው። አንዲት ሴትዮ ፕራዶዋን ልትሸጥ፣ እኔ ለወዳጄ አይቼ ልገዛ፣ ደላላው መሃል ሆኖ ከሁለታችን ሊበላ፣ ሦስታችን ከከተማ ወጣ አልን። የዚህችኛዋ መኪና መብራት ምንም አይወጣለትም፤ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ቆጥሮ ይጠፋል። የመሃሉን ዲፍረንሻል ቆልፌ፣ ፎር ኤል አስገብቼ ቦዩን በቀጥታ ሳይሆን በማዕዘን ገባሁበት። በቀጥታ ከገባችሁ ሁለቱ የፊት ጎማ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ፤ የተፈተነ ነገር የለም። በማዕዘን ስትገቡ ነው ከፊት አንዱ፣ ከኋላ የወዲያኛው ጎማ የሚንጠለጠለው።

«አንተ ልጅ፣ መኪናዬን ልትገዛ ነው ልትቀብር?» አሉ ሴትዮዋ ከውጭ ሆነው።

«እትዬ፣ ሳይሞት አይቀበርም። መሞቱን ነው የማጣራው።»

«አፍህ ሲሠራማ አየነው፤ እስቲ እግርህን አሳየን!»

እውነታቸውን ነው፤ ጉዳዩ ሁሉ እግር ላይ ነው። ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብዬ ረገጥኩና እዚያው ያዝኩት። የተንጠለጠሉት ሁለት ጎማዎች መዞር ጀመሩ፤ ወዲያው «ግርርርር፣ ጠጠጠቅ!»

«ካምቢዮው ተሰበረ! አውጣው! አውጣው!» ደላላው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መታ።

«ካምቢዮ አይደለም፤ ፍሬን ነው። በየማስታወቂያው ‹ትራክሽን ኮንትሮል ያለው› እያልክ የምትሸጠውን ድምፅ አታውቀውም?»

«እኔ ስሙን ነው የምሸጠው፤ ድምፁን ምን አውቄ!»

ብዙ ሰው ደህናውን ዕቃ ሞተ ብሎ የሚቀብረው በዚህች ቅጽበት ነው። ድምፁ ሲጀምር ይደነግጥና እግሩን ያነሳል። እግር ሲነሳ ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ጎማው ሲያቆም ሥርዓቱ «እሺ፣ ሰላም ሆነ» ብሎ ይተኛል፤ ሹፌሩም ወርዶ «አይሠራም» ብሎ ይመሰክራል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ሁለቱም አይሆንም። ሞተሩ ሳይጮህ፣ እግር ሳይንቀጠቀጥ፣ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ነው። እንደዚያ ሲሆን የሚዞረው ጎማ እየተንገጫገጨ ይከብዳል፣ መሬት የያዘው ይነክሳል፣ መኪናው እንደ ባለዕዳ እየጎተተ ይወጣል። ጎማው ያለ አንዳች ድምፅ ዝም ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ወይ አይሠራም፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም። የኋላውን ዲፍረንሻል የሚቆልፈው ዲፍ ሎክ ገብቶ ከሆነም በብዙ መኪኖች ትራክሽኑና ኤቢኤሱ ከሥራ ይወጣሉ፤ ዲፍ ሎክ አስገብቶ ወጥቶ «ትራክሽኑ ግሩም ነው» የሚል ሰው የሌላውን ደመወዝ ለሌላ እየከፈለ ነው።

ፕራዶዋ ወጣች። ሴትዮዋ እልል አሉ። ደላላው ኮፍያውን አራግፎ አደረገ። እኔ ዞሬ ከወዲያኛው ማዕዘን ልገባ ስል ሁለቱም ጮኹ።

«ምን ቀረህ ደግሞ? አለፈች እኮ!»

«ሁለት ጎማ ነው ያለፈው። ሁለቱ ገና አልተጠሩም።»

በዚህኛው ማዕዘን ፓምፑ እንደ ቅድሙ አጉረመረመ፤ የኋላው የግራ ጎማ ግን ግድም አልሰጠው። ይዞራል። ፓምፑ ይጮኻል፣ እሱ ይዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ የትራክሽኑ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ «እየሠራሁ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እሱ እየሠራ ነው። የማይሠራው የዚያ ጎማ ፍሬን ነበር፤ ግፊቱ ቢደርሰውም ደርቆ አልይዝ ብሏል። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ያነባል፣ ፓምፑን ያዛል፤ ሸራው ይንከስ አይንከስ ግን ወርዶ አያይለትም።

«ለካ ለዚህ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ «ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ የሚስበኝ!»

«እትዬ፣ ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ቦይ ባልገባሁ!»

«ብነግርህ ደግሞ ዋጋ ትቀንስ ነበራ።»

ደላላው ተስፋ አይቆርጥም። «ሦስቱ ሠርቷል እኮ! ሰባ አምስት በመቶ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት!»

«ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ከቦይ አያስወጣም።»

ፈተናው ሲደጋገም ደግሞ ፍሬኑ ይግላል፤ ያኔ ሥርዓቱ ራሱን ለማትረፍ ለጊዜው ያቆምና መብራቱን ያበራል። «አበላሸኸው» የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጋብዙት፤ ሻዩ ሲያልቅ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሻዩን ማን እንደሚከፍል ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ደላላ ባለበት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ሐምሌ እንሂድ። አንዱ ራቭፎሩን ይዞ የበቾ መረሬ ውስጥ ይገባና ይደውላል።

«ትራክሽኑ ተበላሽቷል! ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይደክምብኛል!»

«ተበላሽቶ አይደለም፤ ታዞ ነው።»

ይህ ዕቃ ፍሬን መያዝ ብቻ ሳይሆን የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። እርጥብ አስፋልት ላይ ነፍስ ያድናል። አራቱም ጎማ በሚንሸራተትበት ጥቁር አፈር ላይ ግን ልክ ጉልበት በምትፈልጉበት ሰዓት ጉልበት ይነሳችኋል። ስለዚህ ነው ማጥፊያ ቁልፍ የተሠራለት፤ መኪና ሲንሸራተት የሚያሳይ ሥዕል ያለበት። በብዙ ቶዮታዎች አንዴ ነካ ሲያደርጉት ትራክሽኑ ብቻ ይጠፋል፤ መኪናው ቆሞ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ከያዙት የመንሸራተት መከላከያውም አብሮ ይጠፋል። አስፋልት ስትወጡ መልሳችሁ አብሩት።

«ቁልፉ የታለ?»

«ገዝተኸው እስካሁን ያልነካኸው አንድ ቁልፍ አለ አይደል? እሱ ነው።»

«አጠፋሁት፤ አሁንም አልወጣም።»

«ጎማህ እንዴት ነው?»

«ትንሽ... ተበልቷል።»

«ትንሽ ስትል?»

«መላጣ ነው።»

ትራክሽን ኮንትሮል ፀጉር አይተክልም። ያለውን መያዣ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ መረሬ ደግሞ የደህናውንም ጎማ ጥርስ በጭቃ ደፍኖ መላጣ የሚያደርግ አፈር ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው በሬ ነበር፤ በሬ ያለው ገበሬም ከአጥሩ ማዶ ዋጋ እያሰላ ነበር።

ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «እኛ አሸዋ ላይ ስንገባ መጀመሪያ የምናጠፋው ትራክሽኑን ነው። ካላጠፋኸው መሃል መንገድ አንቆ ያቆምሃል። ከዚያ ጎማውን እስከ 15 ፒኤስአይ እናስተነፍሰዋለን።»

«እኛም ጋ ይተነፍሳል» አልኩት፤ «ጉድጓዱ በነፃ ያስተነፍስልናል።»

«ሲመለስስ በምን ትነፉታላችሁ?»

«በንዴት።»

የቀሩኝ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። የሚነዱት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው፤ 70 የሚባለው ዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚመረት። የዚህ መኪና ታሪክ ለፎካሪዎች መድኃኒት ነው። ግማሽ አገር ጭቃ የዞረበት መኪና ለአሥርተ ዓመታት ትራክሽን ኮንትሮል የሚባል አያውቅም ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ የዚሁ ዘር ባለ አንድ ጋቢናው 79 ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የጋሼ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ዲፍ ሎክም የለውም። ጋሼ ጎማ በባዶ ሲዞርባቸው ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን በስሱ ነካ ያደርጋሉ። የሚዞረው ጎማ ይከብዳል፣ ለወዲያኛው ትንሽ ይደርሰዋል። ኮምፒውተሩ ለአንድ ጎማ ለይቶ የሚሠራውን ጋሼ ለአራቱም በአንድ ላይ በቀኝና በግራ እግራቸው ይሠሩታል፤ ያለ ደመወዝ ጭማሪ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ትራክሽን ኮንትሮል የሌለው መኪና መንዳት አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ማን የለውም አለህ?»

«ቁልፉ የለም፣ መብራቱ የለም፣ ሴንሰሩ የለም።»

«ስምንት አሉኝ፤ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማጥ ስገባ ወርደው ይገፋሉ።»

«እሺ፤ ከመንገድ በፊት መሥራታቸውን በምን ይፈትሻሉ?»

«ሒሳብ ክፍል እደውላለሁ። የውሎ አበል ከገባላቸው ይሠራሉ፤ ካልገባላቸው ገና ከግቢ ሳንወጣ ፊታቸው ላይ መብራቱን ታየዋለህ።»